አንተ የት ነበርክ?

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ዜና ነው። ዜናዋ ደግሞ የራሴ ነች። ዘንድሮ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የዲፓርትመንታችን የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆች «የስፖርቱን ዓምድ ማን ይያዝ?» ብለው ሲጠይቁ ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ደሴ ሳለሁ የሬዲዮ ስፖርት ሳይሰማ ያደረ ቀን ስላልነበረኝ ሙያውን ተወልጄበታለሁ ብዬ አስብ ነበር።

የመጀመሪያዋ ዜናዬ አጭር ነበረች፤ እስከ ዛሬ በቃሌ አስታውሳታለሁ። «የዩኒቨርሲቲያችን የወንዶች እግር ኳስ ቡድን ቅዳሜ ዕለት ባደረገው የወዳጅነት ጨዋታ 4 ለ 1 በሆነ ውጤት ተሸንፏል። ለሽንፈቱም የበረኛው ደካማ አቋም ዋነኛው ምክንያት ነበር።» ከሥሯ ስሜ በደማቁ ተጽፏል። የክፍሌ ልጆች «አቶ ጋዜጠኛ» እያሉ ሲያሾፉብኝ ውስጤን ኩራት ኩራት አለው።

ዜናዋ ውስጥ ያልተጻፈ አንድ ነገር ነበር። ጨዋታውን አላየሁትም። በዚያ ሰዓት ላውንጅ ውስጥ ዲኤስቲቪ ፊት ተቀምጬ አርሰናልን ነበር የማየው። ውጤቱን የሰማሁት ማታ ካፌ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ከቆመ ልጅ ነው፤ እሱም ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው። «በረኛው ጉድ ሠራን» አለኝ፤ እኔም እሷኑ በዜና ቋንቋ አሳምሬ ጻፍኳት።

በረኛው ማን እንደሆነ ግን አውቅ ነበር። ከእኔ አልጋ በላይ የሚተኛ የአርባ ምንጭ ልጅ ነው። ታዲያ እያወቅከው እንዴት ጻፍክበት ብትሉኝ፣ ያኔ «ዜና ዜና ነው፤ ጓደኝነት ሌላ ነው» የሚል መልስ ነበረኝ። ስሙን እዚህ ያልጠቀስኩት ደግሞ «ቡለቲን ላይ የምወጣው ስናሸንፍ ነው» ብሎ ስላስማለኝ ነው።

ማክሰኞ ማታ ከላይብረሪ ስመለስ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ቁጣ አልነበረውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ቅዳሜ አንተ የት ነበርክ?» አለኝ።

«ሜዳ ነበርኩ» አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም፤ ምላሴ ቀደመኝ።

«የለህም» አለኝ። «ያየን ሰው 14 ነው። ኳስ ወዲያ ማዶ ሲሆን በረኛ ሥራው ሰው መቁጠር ነው። ሁለቱ ጥበቃዎች ናቸው። አንዱ ላም የሚያግድ ልጅ ነው። ሦስቱ ከተጋጣሚያችን ጋር የመጡ ናቸው። አራቱ የተቀያሪዎቻችን የዶርም ልጆች ናቸው። ሦስቱ ሊሮጡ መጥተው ሜዳው ተይዞባቸው የቆሙ ናቸው። አንዷ የተከላካያችን እጮኛ ነች። ስንት ሆነ?»

በጣቴ ቆጠርኩ። 14 ሆነ። እኔ የለሁበትም።

ከዚያ እሱ ራሱ ጨዋታውን ይዘግብልኝ ጀመር። ሁለተኛዋ ጎል የገባችው ኳሷ ጉብታ ነክታ አቅጣጫ ስለቀየረች ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የገቡት ቅያሪ ከጨረሱ በኋላ አንድ ልጅ ተጎድቶባቸው በ10 ሰው ሲጫወቱ ነው። «አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ደግሞ አድኛለሁ» አለኝ ጣቱን እያሳየኝ፤ አውራ ጣቱ አብጦ ነበር። «እሷን ማን ጻፋት? ማንም አላያትማ!» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ? እኔ ዜናዋን ለጥፌ ረስቻት ነበር። እሱ ግን ለሦስት ቀን ከካፌ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ዶርም ሲመላለስ ያቺ ወረቀት በተለጠፈችበት ግድግዳ አጠገብ ነበር የሚያልፈው።

በማግሥቱ ለአዘጋጆቹ ማረሚያ ጽፌ ሰጠሁ። «ባለፈው እትም የወጣው የስፖርት ዜና ጸሐፊ በጨዋታው ላይ አልተገኘም። በረኛው ያዳነው ፍጹም ቅጣት ምት አልተዘገበም። በረኛውንና አንባቢዎችን ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል። ሲለጠፍ የሳቁብኝ ልጆች ከዜናው አንባቢዎች ይበዙ ነበር። አንድ ኢንስትራክተራችን ግን ቆመው ካነበቡ በኋላ «አሁን ጀመርክ» ብለውኝ አለፉ። በረኛው ማረሚያውን አንብቦ ስለ እሱ አንድም ቃል አልተናገረም። ማታ መብራት ሊጠፋ ሲል ብቻ ከላይ፣ «ቅዳሜ 9 ሰዓት ጨዋታ አለን» አለኝ።

ያን ሌሊት አንድ ነገር አሰብኩ። እዚህ ግቢ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቡድናችን እንደሚጫወት ነግሮ «ና» ያለኝ ሰው ግን የመጀመሪያው እሱ ነበር።

ቅዳሜ ሄድኩ። ሜዳው ከወንዶች ዶርም ጀርባ ነው፤ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል፤ መቀመጫ የለውም፤ ፀሐዩ ፊት ለፊት ነው። ተጫዋቾቹ ልብሳቸውን የሚቀይሩት ባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። ውኃ የሚጠጡት ከአንዲት ቢጫ ጀሪካን ነው። የጨዋታው ማስታወቂያ የተለጠፈው በስፖርት ቢሮው በር ላይ በደቃቅ ፊደል ሲሆን፣ ሰዓቱም በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ ተስተካክሏል። የመጣው ተጋጣሚ የከተማ ልጆች ቡድን ነበር፤ በሁለት ሚኒባስ ከበሮ የያዙ ደጋፊዎች አስከትሎ መጣ። በገዛ ግቢያችን፣ በገዛ ሜዳችን እንግዳ የሆንነው እኛ ነበርን። እንደ በረኛው ቆጠርኩ፤ የእኛ ወገን ከእኔ ጋር 17 ሆነ። አሠልጣኙ ሥራ ፈትቼ መቆሜን አይተው «አንተ ልጅ፣ በል ይቺን ሻንጣ ያዝ» አሉኝና እስከ ዕረፍት ድረስ ሻንጣ ይዤ ቆምኩ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ተማሪው ኳስ አይወድም እንዳይባል፣ ቅዳሜ ላውንጃችን ውስጥ መቆሚያ አይገኝም። ወንበር ለመያዝ ከምሳ በፊት ደብተር የሚያስቀምጥ አለ። የአንድ እንግሊዝ ክለብ ተቀያሪ በረኛ ማን እንደሆነ ሳይሳሳት የሚነግረኝ ልጅ የገዛ ዶርም ጎረቤቱ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን እንደሚሰለፍ አያውቅም። ብዙዎቻችን «የእኛ ቡድን ደካማ ስለሆነ ነው» እንላለን። እኔም እል ነበር። ነገር ግን የሩቁን ተጫዋች የምናውቀው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ነው እንዴ? በየቀኑ ስሙን የሚጠራልን ሰው ስላለም ነው። ሬዲዮው ይጠራልናል፤ ኮሜንታተሩ ይጠራልናል። የእኛን ልጆች ስም የሚጠራ ግን የለም፤ የሚጠራው ሰው መሆን የነበረብኝ እኔ ደግሞ ላውንጅ ነበርኩ።

አጎቴ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ስለ ካታንጋና ስለ ሚስማር ተራ ሲያወራ ስለ ሰፈሩ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ቡና ፕሪሚየር ሊጉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ከስንት ዓመት በኋላ ማለት ነው። አጎቴና ጓደኞቹ ግን ዋንጫ እስኪመጣ ቤታቸው ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ ቡናማና ቢጫ ለብሰው በየሳምንቱ ሲዘምሩ ነው ዋንጫው የመጣላቸው። በሌላ በኩል በአገራችን በባንክ፣ በመብራት ኃይል፣ በመከላከያ በጀት የቆሙ፣ ዋንጫ ያነሱ ጠንካራ ክለቦች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ሆኖም እንደ ጊዮርጊስና እንደ ቡና ስታዲየም የሚሞላ ደጋፊ አላፈሩም። በጀት ቡድን ሊያቆም ይችላል፤ ደጋፊ ግን በበጀት አይገዛም። ዩኒቨርሲቲና ከተማ አንድ ቡድን መጋራት እንደሚችሉ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲውን ስም ይዞ ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተው ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ አሳይቶናል።

ሌላው ትምህርት የመጣልኝ ካላሰብኩት ቦታ ነው። በጋዜጠኝነት መግቢያ ኮርሳችን ላይ በዓለም ከቀደምቶቹ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች አንዱ በእ.ኤ.አ. 1908 በዋልተር ዊሊያምስ መሪነት በአሜሪካ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ እንደተከፈተ ተምረናል። ለፈተና ብዬ ስለዚያ ዩኒቨርሲቲ ሳነብ የኳስ ታሪኩ ላይ ወደቅኩ፤ በእርግጥ የእነሱ ኳስ በእጅ የሚያዘው የአሜሪካኖቹ ነው። የሚዙሪ ቡድን ከካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በየዓመቱ የሚያደርገው ትልቅ ጨዋታ ካንሳስ ሲቲ በምትባል ከተማ ይካሄድ ነበር። በኋላ ጨዋታዎች በየዩኒቨርሲቲዎቹ ግቢ እንዲደረጉ ደንብ ወጣ። በእ.ኤ.አ. 1911 ጨዋታው ሚዙሪ ወደሚገኝባት ወደ ትንሿ ኮሎምቢያ ሲመጣ «ሰው አይመጣልንም» የሚል ስጋት ሆነ። የስፖርት ኃላፊው ቼስተር ብሩወር ታዲያ ምን አደረጉ? ለቀድሞ ተማሪዎች «ወደ ቤታችሁ ኑ» ብለው ጥሪ አስተላለፉ። ከ9 ሺህ በላይ ሰው መጣ። ጨዋታው 3 ለ 3 አለቀ።

«ወደ ቤት መመለሻ» የሚባለውን በዓል እኛ ጀመርነው የሚሉ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፤ ባይለር 1909ን፣ ኢሊኖይ 1910ን ይጠቅሳሉ። ማንም ይጀምረው፣ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ የተጠራው ሰው እንዳይጠፋ ተፈርቶ ነው። ቡድኑም ያን ቀን አላሸነፈም። ሆኖም በዓሉ እስከ ዛሬ አለ።

እኛስ? ከእኛ ግቢ የተመረቀ ሰው ተመልሶ የሚመጣው ለምንድነው? በምርቃት ቀን አበባ ታቅፎ ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያውቀው የሬጅስትራርን መስኮት ብቻ ነው። ኦሪጅናል ዲግሪውን ሊወስድ ወይም ትራንስክሪፕት ሊያስልክ ይመጣል፤ ተሰልፎ፣ ፈርሞ፣ ባጃጅ ይዞ ይሄዳል። ከዶርሞቹ ጀርባ ድሮ የተጫወተበት ሜዳ ላይ ልጆች እየተጫወቱ እንደሆነ የሚነግረው የለም።

ይህን ለበረኛውና አንዲት የክፍላችን ልጅ ነግሬያቸው ሦስታችን አንድ ነገር ለመሞከር ተስማማን። በመጀመሪያ ሚኒ ሚዲያውን ለመንን። በምሳ ሰዓት ልጅቷ የተጫዋቾቹን ስም ከነዲፓርትመንታቸውና ከነትውልድ ከተማቸው አንድ በአንድ ታነባለች። ድምፅዋ ደግሞ ሰው ሹካውን ያስቀምጣል። «ሰባት ቁጥር፣ ከሒሳብ ሦስተኛ ዓመት፣ የጎባ ልጅ!» ስትል ከሒሳብ ተማሪዎች ጠረጴዛ ጩኸት ተነሣ። ከዚያ በፊት አብሯቸው የሚማረው ልጅ ተጫዋች መሆኑን የማያውቁ ነበሩበት።

ቀጥለን የቀድሞ ተጫዋቾችን ፍለጋ ገባን። በስፖርት ቢሮው ዝርዝር ጠየቅን፤ ዝርዝር የለም። ከብዙ ጥየቃ በኋላ አንድ የቆዩ መምህር «እዚህ ከተማ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው ሰውዬ ድሮ ይጫወት ነበር» አሉን። ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ አጻፍንና ለማሊያ መግዣ ልንጠይቃቸው ሱቃቸው ሄድን።

ጋሼ ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ከተመረቅኩ 20 ዓመት አልፎኛል» አሉን። «ከዚያ ግቢ የመጣ ሰው ሁሉ ብር ነው የሚጠይቀኝ። ለበዓል ብር፣ ለጉዞ ብር፣ ለመጽሔት ብር። ልጆቼ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹ጨዋታ አለን፣ መጥተህ እይ› ያለኝ የለም።»

ሦስታችንም አቀረቀርን። እኔ እንደ ምንም ብዬ «ቅዳሜ 9 ሰዓት ጨዋታ አለን፤ ይምጡልን» አልኳቸው። በረኛው ከላይ አልጋው ላይ ሆኖ የነገረኝን ቃል ነው የደገምኩት።

«በረኛችሁ ማነው?» አሉ።

በረኛው እጁን እንደ ተማሪ አወጣ። ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩትና ሳቁ። «እኔም በረኛ ነበርኩ። ያ በወዲያ በኩል ያለው ጎል ጉብታው አሁንም አለ?»

«አለ!» አለ በረኛው፤ «እሱ ነው ጉድ የሠራኝ!» ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ጉብታው አወሩ። የእኔና የልጅቷ ሥራ ሚስማር ሊገዙ የሚመጡ ሰዎችን «ትንሽ ይታገሱ» ማለት ሆነ። ስንወጣ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ዛሬም ከእኔ ጋር አለ።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶች። ካለመጋበዝ ደግሞ ደጋፊ ይቀራል።

ቅዳሜ ጋሼ መጡ። ልጃቸውንና አብረዋቸው የተጫወቱ ሁለት ሰዎችን ይዘው ነበር። ከዕረፍት በኋላ ቆጥሬ 163 ላይ ደረስኩ፤ ከዚያ ሰው ስለተንቀሳቀሰብኝ ተውኩት። የሒሳብ ልጆች ሰባት ቁጥራቸውን በስሙ እየጠሩ ይጮኻሉ። ጋሼ ከጎሉ ጀርባ ቆመው «ውጣ! ውጣ! ጉብታውን ተጠንቀቅ!» እያሉ በረኛውን ያሠለጥኑታል። የሆነ ሆኖ 2 ለ 1 ተሸነፍን። ይህችን መደበቅ አልችልም፤ አንዴ ማረሚያ ጽፌያለሁ። ዘገባዬ ላይ ግን ሁለቱም ጎሎች እንዴት እንደገቡ፣ በረኛው በ70ኛው ደቂቃ ገደማ ያወጣት ኳስ የት ማዕዘን ላይ እንደነበረች ጽፌያለሁ፤ ምክንያቱም አይቻታለሁ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ሰው ቀነሰ። የፈተና ሳምንት ነበር። በቴሌግራም «እንመጣለን» ያሉት ብዙ ነበሩ፤ ሜዳ ላይ የቆጠርኩት 58 ነው። ተስፋ ልቆርጥ ስል ያቺ በሚኒ ሚዲያ ስም የምታነበው ጓደኛችን ሌላ ዱላ አሳረፈችብኝ።

«አንተ ይህን ሁሉ ስትቆጥር የእኛን ቆጥረህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ለካ እሷ የሴቶች ቮሊቦል ቡድን ተጫዋች ነች! አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ስንማር፣ አብረን ማስታወቂያ ስንለጥፍ፣ የሌላውን ሁሉ ስም ስታነብ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። «ባለፈው ሐሙስ የመጣልን ሰው ስድስት ነው» አለችኝ። የት ነበርክ አላላችኝም። ማለትም አላስፈለጋትም።

እንግዲህ አሁን በእጃችን ያለው ይህ ነው። አንድ ጠንካራ ልባስ ያለው መዝገብ ገዝተናል። የወንዶችም የሴቶችም ቡድን ተጫዋቾች ፈቃዳቸውን እየሰጡ ስማቸውን፣ ዲፓርትመንታቸውን፣ የሚመረቁበትን ዓመትና ስልካቸውን ይጽፉበታል። እስከ አሁን ከአሁኖቹ 34፣ ከቀድሞዎቹ ደግሞ በጋሼ አማካይነት 7 ስም ገብቷል። መዝገቡ ገንዘብ መሰብሰቢያ አይደለም። ከ20 ዓመት በኋላ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ተነሥቶ «ማንን ልጥራ?» ሲል የሚከፍተው ነገር እንዲኖረው ነው። እኛ ስንመረቅ ከሬጅስትራር መስኮት ሌላ የሚያስመልሰን ነገር ይኑር ብለን ነው።

የዲፓርትመንታችን ልጆችና መምህራን፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት «ቡድናችንን መደገፍ ግዴታችን ነው» ብዬ ልመክራችሁ አይደለም። ግዴታ ነው ሲሉኝ እኔም አልሄድኩም ነበር። የሄድኩት አንድ ሰው ከላይኛው አልጋ ሰዓቱን ስለነገረኝ ነው። እኔም ሰዓቱን ልንገራችሁ። ሴቶቹ ሐሙስ 10 ሰዓት ተኩል በቮሊቦል ሜዳው፣ ወንዶቹ ቅዳሜ 9 ሰዓት ከዶርሞቹ ጀርባ ይጫወታሉ። ጥላ የለም፤ ኮፍያ ያዙ። ጋሼ ከጎሉ ጀርባ ናቸው። እኔ በመሐል መስመሩ በኩል ደብተር ይዤ እቆማለሁ፤ ስትመጡ እቆጥራችኋለሁ።